ሐጂ ከማል ያሸጉት የወይን ጠርሙስ

እኛ ከሰው ጋር ስንተዋወቅ ጥያቄ አያልቅብንም። የማን ልጅ ነህ፣ አገርህ የት ነው፣ እናትህስ ከየት ናቸው እያልን ሰባት ቤት እንቆጥራለን። የምንጠጣውን ግን አንጠይቀውም። ብርጭቆው ይሙላ እንጂ ዘሩ ከየትም ይምጣ። እኔም እንደናንተው ነበርኩ፤ አንድ ቡልጋሪያዊ ጅማ ድረስ መጥቶ እስኪያሳፍረኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ቦሳ አዲስ በሚባለው የጅማ ሰፈር ቤት ተከራይቼ የምኖር ወንደላጤ መምህር ነኝ። ቡልጋሪያዊው ፔትኮ ደግሞ የቡና በሽታ እንዲያጠና ከወዳጅ አገር የተላከ ባለሙያ። ስብሰባ ላይ ጓድ ፔትኮ፣ ከስብሰባ ውጪ ፔትኮ ብቻ። እንግሊዝኛው እንደኔው ሰባራ ስለነበር በደንብ እንግባባለን። ሁለት ዓመቱን ጨርሶ ሊሄድ ሳምንት ሲቀረው አንድ ጠርሙስ ነጭ ወይን ታቅፎ ቤቴ መጣ። ዘሩ ሻርዶኔ ይባላል አለኝ። የተለቀመው ከአባቱ ማሳ ነው፤ ከአንድ ማሳ ብቻ። አፈሩ ኖራማ፣ ፊቱን ለጠዋት ፀሐይ የሰጠ ተዳፋት። የጎረቤት ፍሬ አንድ ዘለላ እንኳ አልገባበትም። ዝናብ የነካው ድንጋይ ይሸታል አለኝ፣ በኩራት። እኛ አገር መጠጥ ድንጋይ ድንጋይ ካለ ጠማቂዋ ትጠየቅበታለች።

የዚያን ዕለት ሐጂ ከማልም ቤቴ ነበሩ። ሐጂ የሸቤ ቡና ገበሬ ናቸው፤ ፔትኮ ማሳቸው ላይ ሲመላለስ አስተርጓሚው እኔ ስለነበርኩ ተዛምደናል። ለስንብት አንድ ቅል ነጭ ማር ይዘው መጥተው ሻያቸውን እየጠጡ ነው።

ወይኑን ቀመስኩት። ምን እዋሻችኋለሁ፣ ጎመዘዘኝ። በጠጅ ላደገ ምላስ ደግሞ የጎመዘዘ መጠጥ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ማር አንሶታል። እንግዳዬ በአባቱ ጥምቅ እንዳያፍር ብዬ፣ እጁን ሊታጠብ ወጣ ሲል ወይኑን እንዳለ ጆግ ውስጥ ገለበጥኩና ከሐጂ ማር ሦስት ማንኪያ በጠበጥኩበት። በቅንነት ነው ያደረግኩት። የአገራችን ጥፋት አብዛኛው በቅንነት የሚሠራ ነው።

ፔትኮ ተመልሶ አንዴ ጎንጨት አለና ብርጭቆውን አስቀመጠ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"አባቴን በጠበጥከው" አለኝ።

ሐጂ ምን ሆነ ብለው ጠየቁኝና ነገሩን ተረጎምኩላቸው። እንግዲህ ጉድ በሉ፤ ከሦስታችን ያን ወይን የተረዱት፣ ጠብታው ከከንፈራቸው ደርሶ የማያውቀው ሐጂ ናቸው። ተዳፋቱ ወዴት ይዞራል፣ አፈሩን ስትጨብጠው ይበተናል ወይስ ይያያዛል፣ የጥላ ዛፉ ምንድን ነው እያሉ አስጠየቁኝ። ወይን ጥላ አይወድም ሲባሉ ለወይኑ አዘኑለት።

"እኔም እኮ አለኝ" አሉ። "የላይኛው ማሳ፣ አባቴ የተከለው። ሌላው ቡናዬ ቡና ነው፤ እሱ ግን ወላሂ ሌላ ነው። ምን ያደርጋል፣ መጋዘን ሲገባ ከሰነፉም ከጎበዙም ጋር አንድ ክምር ይሆናል። ሰባ ዓመቴ ነው፣ መምህር። ሳልሞት አንድ ባዕድ ሰው ሳይቀላቅል ጠጥቶ፣ ይሄ የከማል ነው ቢልልኝ።"

ፔትኮ እወስደዋለሁ አለ። ችግሩ ኬላው ነው። ያኔ የሰኮሩን መንገድ ይዞ ከጅማ ለሚወጣ ሰው ያለ ወረቀት አንድ ኪሎ ቡና መያዝ ቀላል ወንጀል አይደለም፤ ሐጂም በስተርጅና አሻጥረኛ ይባላሉ። ሐጂ ወዲያ ወዲህ አዩና ዓይናቸው ውስጡ በማያሳየው ጥቁር አረንጓዴ ባዶ ጠርሙስ ላይ አረፈ።

ሰባት ጊዜ አጠቡት። ቢስሚላህ ብለው ጥሬ ቡናቸውን እንዳይንሿሿ እስከ አንገቱ ጠቀጠቁበት፤ ቡሹንም በገዛ እጃቸው ወተፉት። መካ ደርሰው የተመለሱ ሰው የወይን ጠርሙስ ሲያሽጉ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም፣ ለእናንተ ነው።

ፔትኮን ልሸኝ አብሬው ሄድኩ። ኬላው ላይ ጠባቂው ጠርሙሱን አንስቶ፣ የማያነበውን ጽሑፍ አገላብጦ አነበበና ምን እንደሆነ ጠየቀ። ፔትኮ በተማራት አማርኛ "የአባት ነው" አለ። ጠባቂው የአባት መጠጥ አክብሮ በሁለት እጁ መለሰለት።

ከዚያ ወዲያ ሐጂ ጅማ በመጡ ቁጥር "ደብዳቤ የለም?" ነው። ከወራት በኋላ ደብዳቤው መጣ። ፔትኮ ቡናውን ቆልቶ አፍልቶ ለአባቱ አቅርቧል። አባትየው አንዴ ፉት ብለው በጣም መረራቸውና፣ ልጃቸው ዞር ሲል ከፕሪም ፍሬ በሚወጣ የአገራቸው አረቄ እኩል በእኩል በጠበጡት። ፔትኮ ከሥር "አሁን ተካክለናል" ብሎ ጽፏል።

ሐጂ ፊቴ ተቀምጠዋል።

"ሳይቀላቅሉ ጠጡት?"

አረቄ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። "ትንሽ ስኳር ብቻ" አልኩ።

"ስኳር ከገባበትማ አልቀመሱትም" አሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው። ኋላ ግን ቀና አሉና፣ "ማሎ፣ እባክህ መምህር፣ ፔትኮን የተካው ሰውዬ በበጋ አገሩ ይገባል አይደል? ሌላ ጠርሙስ ፈልግልኝ።"

ሄጄ ሰውዬውን ለመንኩት። ሰጠኝ፤ ጠርሙሱ ግን ሙሉ ነበር። ለሐጂ ባዶ መድረስ አለበት። ቤቴ ብቻዬን ተቀምጬ፣ እየጎመዘዘኝ፣ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት። የማሩ ቅል ፊት ለፊቴ ነበር። አልነካሁትም።