ፊልም አስተርጓሚው ጎረቤቴ

የካርቱን ጀግና ፊልም የልጆች ብቻ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወደ ሶዶ ላኩልኝ፤ ጎረቤቴ ማቴዎስ ቤት አስቀምጠዋለሁ። ማቴዎስ በቤተ ክርስቲያን የእንግዳ ሰባኪዎችን እንግሊዝኛ በማስተርጎም ስሙ ከዳሞታ ተራራ ማዶ የተሰማ ሰው ነው። ታዲያ ከተበላ ከተማ ለመጡት ለሚስቱ እናት፣ ካባ ለብሶ የሚበረውንም ጀግና በወላይትኛ ያስተረጉምላቸዋል።

ባለፈው ቅዳሜ አብረን ስናይ ክፉው ሰውዬ ከተማው መሀል ቆሞ አጓራ። ማቴዎስ እንደ ቤተ ክርስቲያን ልማዱ፣ «ወገኖቼ፣ በድያችኋለሁ፣ ይቅር በሉኝ እያለ ነው» አለ።

አማቱ «ተመስገን!» ብለው እንባቸውን ሲጠርጉ፣ ክፉው አውቶብስ አንስቶ ወረወረ።

«ይቅርታ ጠይቆ አውቶብስ ይወረውራል እንዴ?» አሉ አማቱ።

ማቴዎስን አላበው። የስንት ዓመት ስም በአንድ አውቶብስ ሊደቅ ነው!

«እማማ፣ የድሮ ሕይወቱን እየጣለ ነው።»

ትንሿ ልጁ አላስቻላትም። «አያቴ፣ አባዬ ውሸቱን ነው! ሁላችሁንም እጨርሳችኋለሁ ነው ያለው።»

አማቱ ልጅቷን አዩ፣ አማቻቸውን አዩ፣ ከዚያ ወንበራቸውን ወደ እሱ አስጠጉ።

«አንቺ የራስሽን እይ፤ እኔ የአባትሽ ይሻለኛል። ቀጥል ልጄ፣ ከዚያስ ተጠመቀ?»