ሁለት ገዢዎች

እጁን ያልታጠበ ሰው ዓለምን ያጠፋል ብሎ የሚያምን አንድ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። በእኛ ሰፈር ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ጎረቤቴ ሰዓት ሠሪው ናቸው። የቅኝ ግዛት ዘመን የወረቀት ገንዘብ ስለሚሰበስቡ «ክቡርነታቸው» እንላቸዋለን፤ እሳቸውም ቅር አይላቸውም።

ቤታቸው ስገባ እንደምን ዋልክ ብሎ ነገር የለም። «እጅህን ታጥበሃል?» ብቻ። ታጥቤያለሁ ብልም መዳፌን እንደ ሕፃን አገላብጠው ያያሉ። ከዚያ አልበሙ በክብር ይወጣል፤ ኖቶቹ በሰዓት መፍቻ ወረንጦ ይነሳሉ። «እንዳትተነፍስበት!» እኔም ትንፋሼን ውጬ፣ ቅኝ ገዢዎቹ ሲወጡ ያ ሁሉ ገንዘብ እንዴት በአንድ ጠዋት ተራ ወረቀት እንደሆነ አዳምጣለሁ። አንዴ አስነጥሶኝ ከርመው ነው የታረቁኝ።

የአልበሙ ንጉሥ አንድ ሪዛም ገዢ የታተመበት ኖት ነው። እንደሱ ያለ ብዙ አልተረፈም ይላሉ። ምን ያደርጋል፣ ጉንጩ ላይ ጥቁር እድፍ አለበት።

ባለቤታቸው ግን የሚፈልጉት ታሪክ ሳይሆን ጣሪያ ነው። «እኛ አልጋ ላይ ይዘንባል፣ ይሄ ሪዛም ደረቅ ቦታ ይተኛል!» ክቡርነታቸው በመጨረሻ ተሸነፉና ኖቱ ሊሸጥ ሆነ፤ እኔም እጄን ታጥቤ እንድታዘብ ተጠራሁ።

«ገዢው መጣ!» አሉ ባለቤታቸው ከበር።

«የትኛው?» አሉ ክቡርነታቸው፣ አልበሙን አቅፈው።

የመጣው በብር የሚገዛው ነበር። የጠራው ዋጋ ጣሪያውን አልብሶ የሚተርፍ ነው። «እድፉ ይለቃል፣ አባባ» አለና ጣቱን በምራቁ አርሶ ወደ ሪዛሙ ጉንጭ ሰደደ።

አልበሙ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ።

«ቆሻሻ እኮ ነው፣ አባባ!»

«የአባቴ አውራ ጣት ነው።»

ሰውየው እየተነጫነጨ ከሄደ በኋላ ነው የነገሩን፤ ለባለቤታቸው እንኳ ነግረዋቸው አያውቁም። አባታቸው ወደብ ላይ ከሰል ተሸካሚ ነበሩ። የመጨረሻ ደሞዛቸውን በከሰል እጃቸው ተቀበሉ፤ በአዲሱ ገንዘብ ሳይቀይሩት የመቀየሪያው ቀን አለፈ። የአባታቸው ፎቶግራፍ የሚባል የለም። ከእሳቸው የቀረው ያቺ ጣት ናት።

«ዕድሜ ልኩን አንዴ ነው ገዢን በጥፊ ያለው» አሉ ክቡርነታቸው።

ሰሞኑን ዝናብ ሲጥል ሳልጠራ ሄድኩ። ጣሪያው እንደ ድሮው ያፈሳል።

«እጅህን ታጥበሃል?»

አፌን ሳልከፍት ባለቤታቸው ከሚንጠባጠበው ሥር ሳፋውን አንስተው አቀረቡልኝ። «ታጠብ ልጄ፣ ሞልቷል።»

እስከ ክርኔ ታጠብኩ።