የማማ ፖኒ ወተት የጾም ነው ወይስ የፍስክ?

ቀን፦ ቅዳሜ የካቲት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው
ቦታ፦ ጁባ፣ ማላኪያ፣ የአቶ ጌትነት ሆቴል የጓሮ አዳራሽ
ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ 9፡20 ተጀመረ

የተገኙ የወተት ገዢዎች ኮሚቴ አባላት
አቶ ጌትነት፣ ሰብሳቢ፣ ባለ ሆቴል
ወ/ሮ አስረሳሽ፣ አባል፣ አትላባራ ሰፈር ካፌ ያላቸው
አቶ እንድሪያስ፣ አባል፣ ባለ ሥጋ ቤት፣ በልጅነታቸው ዲያቆን የነበሩ
ረፊቅ፣ ጸሐፊ፣ በኮንዮ ኮንዮ ገበያ የዱቄት ወተት ጅምላ ነጋዴ
በእንግድነት፦ ወ/ሪት ሉሊት፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ
ያልተገኙ፦ አቶ ሽመክት፣ ቅበላ ላይ ስለሆኑ

ምልዓተ ጉባኤ፦ ሦስት ሰው ይበቃል፤ አራት ተገኝቷል። ወ/ሮ አስረሳሽ፣ አቶ እንድሪያስ የሁለት ሰው ያህል ስለሚያወሩ አምስት ነን ያሉት አልተመዘገበም።

አጀንዳ 1፦ የማማ ፖኒ ማስጠንቀቂያ

ማማ ፖኒ ከከተማው ዳር ካለው በረታቸው በየማለዳው ሃያ ሊትር ወተት ለአባላቱ ያመጣሉ። በየዓመቱ ጾም ሲገባ አባላቱ መግዛት ያቆማሉ፤ ሲፈታ ደግሞ «ማማ፣ የት ጠፋሽ?» ይላሉ። ዘንድሮ ግን አምሳ አምስቱንም ቀን ካልገዛችሁ ወተቴን እስከ መጨረሻው እዚሁ ማላኪያ ላለው እርጎ ሻጭ እሰጣለሁ፣ መልሳችሁን ዛሬ እፈልጋለሁ ብለው በር ላይ ተቀምጠዋል።

ወ/ሮ አስረሳሽ ከሃያው ሊትር አሥራ አምስቱን የሚወስዱት እሳቸው መሆናቸውን፣ ካፌያቸው የቆመው በዚህ ወተት ማኪያቶ መሆኑን፣ በዱቄት ወተት ከሠሩ ደንበኛው «ኖራ በጥብጠሽ ነው?» እንደሚላቸው አስረዱ። «እሷ ከሄደች እኔም ሻንጣዬን ልሸክፍ» አሉ። ጸሐፊው የዱቄት ወተት ሻጭ በመሆኑ አስተያየት አልሰጠም።

አጀንዳ 2፦ የልኬት ሪፖርት

ባለፈው ወር ማኪያቶው ቅጠል ቅጠል ይላል የሚል ቅሬታ ስለበዛ ወ/ሮ አስረሳሽ ወተቱን አስመርምረው ነበር። ወ/ሪት ሉሊት ላሞቹ ከሚበሉት ሣርና ቅጠል ወደ ወተቱ ያለፉ አሥራ አራት ዓይነት ከዕፅዋት የተገኙ ንጥረ ነገሮች ማግኘታቸውን፣ ቢጫ የሚያደርገውም ሽታ የሚሰጠውም ከእነሱ መሆኑን፣ ለጤናም እንደማያሰጋ አቀረቡ።

አቶ እንድሪያስ «ከዕፅዋት» የሚለው እንዲደገምላቸው ጠየቁ። ተደገመላቸው። ብድግ ብለው «በቃ! ከዕፅዋት ከሆነ የጾም ነው!» አሉ። ላም ከተወለደች ሥጋ ቀምሳ እንደማታውቅ፣ ዓመቱን ሙሉ ስትጾም ማንም እንዳላመሰገናት፣ ወተቷም ተጨምቆ የወጣ ሣር መሆኑን አብራሩ።

ወ/ሮ አስረሳሽ «ዶሮስ? ጥሬ አይደል የምትለቅመው? እንቁላልም ይግባ!» ሲሉ ሰብሳቢው አጀንዳው ወተት ስለሆነ ዶሮ ለሌላ ቀን እንድትቆይ አዘዙ። አቶ እንድሪያስ ግን በሬም ሣር በል መሆኑን ከአሁኑ እንዲያዝላቸው አሳሰቡ። ባለ ሥጋ ቤት መሆናቸው ትዝ ያለን ያኔ ነው።

ሰብሳቢው ከዕፅዋት የመጣው ስንት ፐርሰንት እንደሆነ ጠየቁ። ወ/ሪት ሉሊት በአንድ ሊትር ውስጥ ሁለት ሚሊግራም እንኳ እንደማይሞላ መለሱ።

«ወደ ላይ ቢጠጋጋስ?»

«ጋሼ፣ በምንም ቢጠጋጋ አንድ ፐርሰንት አይደርስም።»

ከረጅም ውይይት በኋላ ልኬቱ 51 ፐርሰንት፣ ወተቱም የጾም እንዲሆን በሦስት ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ተወሰነ። ወ/ሮ አስረሳሽ የደገፉት ዓይናቸውን ጨፍነው ነው። ወ/ሪት ሉሊት ለማሽኑ ድምፅ አለመሰጠቱ በተቃውሞ እንዲመዘገብላቸው ጠየቁ፤ ተመዝግቧል። ልኬቱን ለመድገም የመጣውን ናሙና ሰብሳቢው ለአባላቱ ማኪያቶ አሠርተውበት ስለነበር ማረጋገጥ አልተቻለም።

አጀንዳ 3፦ የመጀመሪያው ጠጪ

ወ/ሮ አስረሳሽ «እሺ፣ ሰኞ ጠዋት ካፌዬ መጥቶ በሰው ፊት የመጀመሪያውን ማኪያቶ የሚጠጣው ማነው?» ሲሉ ጠየቁ።

አቶ እንድሪያስ ወተት ጨጓራቸውን እንደሚያማቸው ገለጹ። ወ/ሮ አስረሳሽ አሁን የጨረሱት ሦስተኛ ስኒያቸው መሆኑን አስታወሷቸው። ሰብሳቢው ባለቤታቸው ከሰማች ሆቴሉም እሳቸውም እንደሚዘጉ ተናገሩ። ቀጥሎ ጸሐፊው ተጠቆመ፤ ጨረቃ ከታየች የእሱ ጾም የሚገባው ረቡዕ ስለሆነ ሰኞ መጠጣት ይችላል ተባለ። ጸሐፊው የሙስሊም ምስክርነት ለዐቢይ ጾም እንደማይበቃ አስረድቶ ነጻ ወጣ።

«ታዲያ እናንተ የማትጠጡትን ነው ለሰው የምሸጠው? ነገ በምን ስም ልጠራ ነው?» አሉ ወ/ሮ አስረሳሽ፤ የቅድሙን የድጋፍ ድምፃቸውንም መልሰው ወሰዱ።

አጀንዳ 4፦ የላሞቹ ሁኔታ

አቶ እንድሪያስ ላሞቹ ሣር ብቻ እንደሚበሉ ባለቤቷ ትመስክር ስላሉ ማማ ፖኒ ተጠሩ። ጸሐፊው ከጁባ ዓረብኛ ተረጎመ። ማማ ፖኒ በዚህ በጋ ሣር «ማፊ»፣ ማለትም የለም፣ መሆኑን፣ ላሞቹ በአብዛኛው የሚበሉት ከዚሁ ሆቴል ጓሮ በባልዲ የሚወስዱትን ፍርፋሪ መሆኑን፣ በተለይ የጥብስ ፍርፍር እንደሚወዱ በደስታ መሰከሩ።

አቶ እንድሪያስ «ገድፈዋል!» ብለው ተቀመጡ።

ላሞቹን ያስገደፉት ሰብሳቢው ናቸው በሚል ጠንካራ የሐሳብ ልውውጥ ተደረገ፤ አንድ ስኒ ተሰበረ። ሰብሳቢው ባልዲው ከሰኞ ጀምሮ የሽሮ ብቻ እንዲሆን ሐሳብ አቅርበው ጸደቀላቸው።

ማማ ፖኒ ሰዎቹ ስለ ምን እንደሚጣሉ ጠየቁ። ጸሐፊው ከመጀመሪያው ጀምሮ ተረጎመላቸው። 51 ፐርሰንቱ ላይ ሲደርስ ሳቁ፤ ላሞቹ መግደፋቸው ላይ ሲደርስ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። እንባቸውን ጠርገው «እኔ ግዙ አልኩ እንጂ ጠጡ አልኩ?» አሉ።



ወ/ሮ አስረሳሽ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። «ቅቤ! ለፋሲካ ቅቤ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የማስመጣ እኔ! እንጠዋለን፣ እናነጥረዋለን፣ ለዚህ ደግሞ ማን ይቅመስ አለን?» አሉ። ጸሐፊው በዚህ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን አወጣ። በረመዳን ኮንዮ ኮንዮ ያሉ ጎረቤቶቹ ለአፍጥር ትኩስ ወተት እንደሚፈልጉ፣ ወሩን ሙሉ በቀን አሥር ሊትር እንደሚወስድ፣ ዋጋው ግን የጅምላ እንዲሆን ጠየቀ። ማማ ፖኒ በዋጋው ላይ ሳቃቸውን አቆሙ። ከረጅም ውይይት በኋላ የችርቻሮ ሆነ። የቀረው ለወ/ሮ አስረሳሽ ቅቤ፣ ከረመዳን በኋላም ሁሉም ለሳቸው እንዲሆን ተስማሙ። ማማ ፖኒ «ኸላስ፣ በቃ» ብለው እጅ መቱ።

የመጨረሻ ውሳኔ

ኮሚቴው፣ ልኬቱ 51 ፐርሰንት መሆኑ ተሽሮ ማሽኑ ያለው እንዲሆን፤ ወተቱ የጾም ነው የተባለው ተሽሮ እንደ ጥንቱ የፍስክ እንዲሆን፤ የሽሮው ባልዲ ተሽሮ ላሞቹ ያገኙትን እንዲበሉ፤ በአጠቃላይ ከወተቱ ሽያጭ ስምምነት በቀር ከ9፡20 ጀምሮ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ማማ ፖኒ አባል ባይሆኑም እጃቸውን አውጥተዋል። አቶ እንድሪያስ አይቆጠርም ሲሉ ወ/ሮ አስረሳሽ «አንተ ተቆጥረህ እሷ?» ስላሉ ተቆጥሯል።

ስብሰባው 11፡45 ላይ ተበትኗል፤ ወ/ሮ አስረሳሽ ግን መናጫ የሚሆን ቅል ለመፈለግ ከማማ ፖኒ ጋር በአንድ ቦዳቦዳ ሞተር ቀድመው ወጥተዋል።