የ«ሂድ» ጾታ

ፈጣሪ ከሰው ጋር የሚነጋገርበት አሠራር ለብዙ ሺህ ዓመታት ያለ መመሪያ መቆየቱ ይታወቃል። ይህን ክፍተት የሚሞላ ኮሚቴ ባለፈው ግንቦት ሲቀላ ሰፈር በምትገኝ አንዲት የቤተ ክርስቲያን አጥቢያ ስለተቋቋመ፣ ሰማይም ምድርም እንኳን ደስ አላችሁ ሊባሉ ይገባል።

ነገሩ የተነሳው በእሁድ ጸሎት ላይ ነው። ከጨንቻ የወረዱት ሽማግሌ፣ ጋሽ ኤርጫፎ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ዘረጉና «ካምባ ሂድ! ሕዝቤን አስተምር!» አሉ። እጃቸው በተዘረጋበት በኩል ሁለት ሰዎች ቆመዋል፦ የአጥቢያዋ ሰብሳቢ ጋሽ ዳልጮ፣ እና ሁለት ዓመት ሥራ ስትፈልግ ኖራ ሰኞ የባንክ ቅጥር ውል ልትፈርም የነበረችው ሄራን።

ካምባ ሩቅ ወረዳ ስለሆነ፣ ጋሽ ዳልጮም ሲቀላ ላይ ሞቅ ያለ ሱቅ ስላላቸው፣ ጥሪው የሄራን መሆኑ ወዲያው በመንፈስ ተገለጠላቸው። በራሳቸው ሰብሳቢነት የመልእክት አጣሪ ኮሚቴ አቋቋሙ። ሄራን ውሳኔ እስኪሰጥ ውል እንዳትፈርም ታገደች፤ ጽሕፈቷ ስለሚያምርም ቃለ ጉባኤ ያዥ ተደረገች።

«ጋሼ፣ የተባለው እኮ ‹ሂድ› ነው» አለች።

«ቃሉ የጌታ ነው፤ ሰዋስዉ ግን የጋሽ ኤርጫፎ ነው! ሚስታቸውን ‹ቁጭ በል› ሲሏት ሰምተሽ አታውቂም?»

የመጽሐፍ ቅዱስ አስተማሪው አጵሎስ ጉሮሮውን ጠረገ። «የበለዓም አህያ እንኳ አፏን ስትከፍት የጾታ ስህተት አልተመዘገበባትም።»

«አንተ ከማን ጋር ነህ?» አሉት ጋሽ ዳልጮ።

ቀጥሎ ሙሴ ጌታን ፊት ለፊት አነጋገረ መባሉና፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ደግሞ ፊቱን አይቶ የሚተርፍ የለም መባሉ ለውይይት ቀረበ። እስኪመሽ ከተከራከሩ በኋላ ሁለቱም ትክክል መሆናቸው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ሰኞ ጠዋት ስብሰባው ቀጠለ። ባንኩ ሄራንን የሚጠብቃት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። አጵሎስ ግን የደማስቆን መንገድ ጀመረ። «ከጳውሎስ ጋር የነበሩት አንድ ቦታ ላይ ድምፁን ሰሙ ይላል፤ ሌላ ቦታ አልሰሙም ይላል።»

«እኔም እንደነሱ ነኝ» አሉ ጋሽ ዳልጮ ፈጠን ብለው። «ሰምቻለሁ፤ ግን አልሰማሁም። ሄራን፣ ያዢልኝ።»

ያዘች። ከዚያ ብዕሯን አስቀመጠች። «ለምን ጋሽ ኤርጫፎን ራሳቸውን አንጠይቅም?»

ይህ በአጀንዳ ያልተያዘ ሐሳብ ኮሚቴውን አስደነገጠ። ቢሆንም በጋሽ ዳልጮ ስልክ ተደወለ፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅ ማጉያው ተከፈተ።

«ጋሽ ኤርጫፎ፣ ትናንት ‹ሂድ› የተባለው ወንድ ነው ሴት?» አሉ ጋሽ ዳልጮ።

«እኔ የሰማሁት በጋሞኛ ነው። በጋሞኛ ‹ሂድ›ም ‹ሂጂ›ም አንድ ነው።» ከኋላ የመኪና ክላክስ ይሰማል።

«ታዲያ ሂያጁ ማን ነው?»

«እኔ ነኛ! ለእኔ ነው የተባለው። እንዳልረሳው ብዬ ጮክ ብዬ ደገምኩት። ይኸው ካምባ ልገባ ነው።»

«አሜን!» ጋሽ ዳልጮ ከወንበራቸው ተነሱ። «ጌታችን እንዴት ግልጽ ተናጋሪ ነው!»

«ቆይ ዳልጮ፣ ላንተም አንድ መልእክት አለኝ። እሱን እንኳ በአማርኛ ነው የሰማሁት፤ ስምህም ተጠርቷል…»

ጋሽ ዳልጮ በገዛ አውራ ጣታቸው ስልኩን ዘጉ። «ኔትወርክ ነው» አሉ። «ያዢልኝ።»

ሄራን ወደ ባንኩ ልትሄድ ቦርሳዋን አንስታ ገና ሳትወጣ ስልኳ ጠራ።

«አቤት ጋሽ ኤርጫፎ… አዎ፣ አጠገቤ ናቸው።»

ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ ከነቃለ ጉባኤው ጋሽ ዳልጮ ፊት አስቀመጠችው። ብዕሩንም አቀበለቻቸው።

«ጋሼ፣ የቀረውን እርስዎ ይያዙልኝ።»