የሶማሌ ተራው የኢሜይል ሐኪም

በየቢሮው፣ ማንም ሳይሾመው የኮምፒውተር ሐኪም ሆኖ የተቀመጠ አንድ ሰው አለ። "እኛ ጋ የለም" የምትሉ ካላችሁ፣ ሰውየው እናንተው ሳትሆኑ አትቀሩም።

የኛው ክቡር ኢንጂነር ሙስአብ ናቸው። ሶማሌ ተራ ባለው የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ቢሯችን የተቀጠሩት ለሽያጭ ነው፤ ኢንጂነር ያልናቸው እኛው በቀልድ ነን። ግን የአንዳችን ኮምፒውተር ያዝ ለቀቅ ካደረገው "ተነሣ እስቲ፣ ልያት!" ብለው ወንበር ይነጥቃሉ። ኮምፒውተር ለእሳቸው መኪና ናት። ጆሯቸውን ለጥፈው "ሞተሯ ታፍኗል" ይላሉ፤ ከዚያ እፍ ይሉባታል። አንዴ የባልደረባችንን የጀሚላን ኪቦርድ ሊያጸዱ ፈታተው ሲገጥሙት አንድ ፊደል ተረፋቸው። "ትርፍ ነው፣ ሁሌም ይተርፋል" አሉና ኪሳቸው ከተቱት።

ከሁሉም ያንገበገበን ኢሜይላችን ነበር። ከፍተነው ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ገና ያስባል። ኢንጂነሩ አንዴ ኢንተርኔቱን፣ አንዴ መብራቱን ከሰሱ። ጎረቤት ካለው በያጅ ጋር ሳይቀር "እሳትህ ኢሜይላችንን ጎተተው" ብለው ተጣልተዋል።

ባለፈው ማክሰኞ ግን ቀልዱ አለቀ። ቻይና ያለው አቅራቢ የፍሬን ሸራ ትእዛዛችን በድርጅቱ ኢሜይል ካልተረጋገጠለት ዕቃውን ለሌላ ሊሰጠው ነው። የአቅራቢው ቢሮ የሚዘጋው በኛ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። የድርጅታችን ባለቤት እትዬ ሰዓደት ደግሞ ለደንበኞቻቸው ሁሉ ቃል ገብተዋል። መርካቶ ውስጥ ቃሉን የበላ ነጋዴ ሱቁን ቢዘጋ ይሻለዋል። እኔ ማረጋገጫውን ልልክ ተቀምጬ ደጋግሜ እጫናለሁ፤ ኢሜይሉ ንቅንቅ አይልም።

ኢንጂነሩ መጡ። ተአምር ነው፣ እፍ አላሉም! ድረ ገጽ ከፈቱ፤ ፈጠነ። "ኢንተርኔቱ ንጹሕ ነው።" በቅርቡ ወደተቀጠረችው ኢክራ ሄደው ኢሜይሏን ከፈቱ፤ በረረ። ተመልሰው የኔን የመልእክት ሳጥን እንደ ምንም ሲያዩት ራሳቸውን ያዙ።

ጉዱ እዚያ ነው። ሶማሌ ተራ ዕቃ በስሙ አይታመንም፤ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን ፎቶው መታየት አለበት። ያንን ሁሉ ፎቶ ለዓመታት ስንልክ ስንቀበል አንዱንም አላጠፋንም፤ ሳጥኑ ሞልቶ ታፍኗል። እኛ ጋ ብሎን እንኳ መኪናው እስኪመጣ ይጠበቃል እንጂ አይጣልም።

"እትዬ፣ አሮጌውን ከዚህ ማንሳት አለብን" አሉ ኢንጂነሩ።

"ምን? ልታጠፋው? ከእኔ ቤት የሚጠፋ ነገር የለም!"

"ማን ያጠፋዋል! እርስዎ ዕቃዎን ሁሉ ሱቅ በር ላይ ይከምራሉ? መጋዘን እናግባው ነው የምልዎ። ሲፈልጉት ይወጣል።"

እትዬ ሰዓደት ሰዓታቸውን አዩ። "መጋዘን ከሆነማ አግባው። ቁልፉ ግን እኔ ጋ ይሁን።"

ኢንጂነሩ የቆዩትን መልእክቶች ወደ ሌላ ፋይል አዛወሩ፤ ፕሮግራሙን ዘግተው ከፈቱት። ወዲያው ተከፈተ! ማረጋገጫውን ላክሁ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ "ደርሶናል" የሚል መልስ መጣ። እትዬ ሰዓደት "አልሐምዱሊላህ!" ብለው ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ። ቢሮው በጭብጨባ ተናጋ። ኢንጂነሩማ ከዚያ ወዲህ መሬት አልረገጡም።

ትናንት ከላይኛው ፎቅ የጨርቅ አስመጪው ጋሼ ይመር ወረዱ። "እናንተ ጋ አንድ ጎበዝ አለ አሉ። የኛም ኢሜይል አልከፈት ብሏል። እንዲያው ጠቅልሎ ወደኛ ቢመጣ ደህና አድርገን እንይዘው ነበር።"

ሰውየውን ስቦጭቀው የከረምኩት እኔ ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ።

"ጋሼ፣ ለዛሬ እናውስዎታለን። ማታ ግን ይመልሱልን፤ ሙስአብ የኛ ነው!"