ለጎማ የተቀመጠ ሽምግልና

ጎማ ለሽርሽር የወጣ ሰው ላይ አይተነፍስም። ያለ ሥራ ከተማውን ብትዞሩ፣ ጓደኛችሁን ምሳ ልትጋብዙ ብትወጡ፣ አራቱም ደረታቸውን ነፍተው ይሸከሟችኋል። ቀብር፣ ፈተና ወይም የፍርድ ቤት ቀጠሮ ካለባችሁ ግን ያውቃሉ። ማን እንደሚነግራቸው እንጃ። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ስለ አየር ግፊት ከማንም ጋር አልከራከርም። ጎማ የባለቤቱን ቀጠሮ በምን እንደሚያውቅ ግን እስካሁን ያስተማርሁበት መጽሐፍ አይናገርም።

የእኔው ጎማ የመረጠው ሽማግሌ የላክሁበትን ቀን ነው።

ሮብ ገበያ የሚኖሩ አንድ መሪጌታ አሉ፤ ስመኝ የምትባል ልጅ አለቻቸው። ነርስ ናት። እኔም ፀጉሬ ከግንባሬ ፈጽሞ ሳይሸሽ ላገባት ቆርጫለሁ። ሽማግሌዎቼ ቀደም ብለው ሄደው ጠይቀዋል፤ መሪጌታውም እንደ ወጉ “ዘመድ ላማክር” ብለው ለመልስ ቅዳሜን ቀጥረዋል። “ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ኑ” ብለዋል። ይህ ቀልድ አይደለም። በመልስ ቀን የቀረ ሽማግሌ ልጅቱን ትቷታል ማለት ነው። በዚያ ላይ ከደብረ ወርቅ በኩል አንድ ነጋዴ ሽማግሌ ሊልክ ማሰቡን ሰምተናል። ነጋዴ ደግሞ፣ እንደምታውቁት፣ ጎማው ሁልጊዜ አዲስ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ማልጄ ሦስቱን ሽማግሌዎች በአሮጌ መኪናዬ ጭኜ ከደብረ ማርቆስ ተነሣሁ። እኔ እቤቱ አልገባም፤ ልጅ የሚያስጠይቅ ሰው ራሱ ደጅ አይረግጥም። ከመንደሩ ወዲህ አውርጃቸው ባሕር ዛፍ ሥር መደበቅ ነው ድርሻዬ። ከፊት የተቀመጡት ቄስ ምስጋናው የንስሐ አባቴ ናቸው። ከኋላ የእናቴ ወንድም አያ ቢያዝንና ድሮ የቀበሌ ዳኛ የነበሩት ጋሽ መኮንን አሉ። ሦስቱም ሲያስታርቁ የኖሩ ናቸው። እጃቸው ገብቶ የተፋታ ባልና ሚስት የለም። ባል ዱላ፣ ሚስት ዘነዘና ይዘው ቢመጡ ሲመሽ አንድ ጋቢ ለብሰው ይመለሳሉ። ይህን ችሎታቸውን ሳስብ ኩራት ይሰማኝ ነበር። ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የገባኝ ጎማው የተነፈሰ ጊዜ ነው።

ከከተማው መውጫ ላይ መኪናዋ ወደ ቀኝ ማነከስ ጀመረች። ስኮርታ ጎማ የለህም ወይ እንዳትሉኝ፤ የተነፈሰው ራሱ ስኮርታው ነው። ከሥራ መደቡ በላይ ሲያገለግል ቆይቶ ነው። ደግነቱ ጎሚስታ ቅርብ ነበር። ፈትቶ፣ ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ አረፋውን አየና ድንጋይ ጎኑን እንደ ቆረጠው ነገረኝ። ምን ይሻላል አልሁት። “ይለጠፋል” አለ። ትንሽ አሰበና “ይቀየራልም” አለ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለ አዲስ ጎማ ነበረው፤ ዓይኑ ወደዚያ ሄዶ ተመለሰ። አንተ ብትሆን የቱን ታደርግ ነበር ብዬ ብጠይቀው “እንደ ፍላጎትዎ ነው ጋሼ” አለኝ። አገራችንን የጎዳት ምን እንደሆነ ብጠየቅ ይህን ዓረፍተ ነገር እጠቁማለሁ። ፍላጎቴን የማውቅ ብሆን ኖሮ ለምን እጠይቀዋለሁ?

እኔ ይቀየር አልሁ። የተለጠፈ ነገር አልወድም። የማልወድበትን ምክንያት ማርቆስ ውስጥ ያልነገርሁት ሰው ስለሌለ ለእናንተም ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከክፍላችን አንደኛ እኔ ነበርሁ። አንደኛ የወጣ እዚያው በረዳት መምህርነት ይቀራል፤ ሲባል የኖረው ይህ ነው። ኮት ሁሉ አሰፍቼ ነበር። የተጠራው ስም ግን የይበልጣል ሆነ። ይበልጣል ሁለተኛ ነበር። ስም ያወጡለት ወላጆቹ ነገሩን አስቀድመው ያውቁ እንደሆነ አጣርቼ አልደረስሁበትም። ለምን ብዬ ብጠይቅ “የእሱ ጠባይ ለሥራው ይመቻል” ተባልሁ። ለእኔ ደግሞ “ቀዳዳ ሲገኝ እንጠራሃለን” አሉኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ቀዳዳ የተገኘው ጎማዬ ላይ ብቻ ነው። ይበልጣል ዶክተር ሆኗል። የእኔን ኮት እጅጌ ጠመኔ በልቶታል። እነዚሁ ሦስት ሽማግሌዎች አንድ ሰሞን ሊያስታርቁን ሞክረው ነበር። ከእጃቸው ሳይታረቅ የወጣ ብቸኛው ሰው እኔ ነኝ።

እንግዲህ ጎሚስታውን ቀይርልኝ ስለው ቄስ ምስጋናው ከመኪናው ውስጥ “ኧረ ተው ልጄ!” ብለው ጮኹ። ነፍሱ ያልወጣ ሰው የምቀብር ነው የመሰላቸው። ወረዱ። ሁለቱም ተከትለው ወረዱ። ከደጁ ካሉት ድንጋዮች ላይ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ፤ ጎማው መካከላቸው ተጋደመ። ሽማግሌ ሦስት ሆኖ ድንጋይ ላይ ከተቀመጠ ምን እንደሚከተል ለጎጃሜ አይነገርም።

ጋሽ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሁለቱንም ወገን ሳይሰሙ መፍረድ ነውር ነው አሉ። ጎማው ስለማይናገር እኔ ጀመርሁ። ከየት አመጣኸው፣ ምን ምን መንገድ ወሰድኸው፣ ነፋስ በጊዜው ትሞላለት ነበር ወይ አሉኝ። አልፎ አልፎ አልሁ። ሦስቱም ተያዩ። ለሚስቱ ለበዓል እንኳ ቀሚስ ያልገዛ ባል ፊት የሚተያዩት እንዲህ ነው። አያ ቢያዝን “ካያያዝ ይቀደዳል” አሉና ተረቱን ሳይጨርሱ ተዉት፤ ለእኔ የሚበቃኝ ግማሹ ነበር።

ኧረ ይረፍድብናል ብዬ ፀሐይዋን ጠቆምሁ። ይህ ጉዳዬን ይበልጥ አበላሸው። አያ ቢያዝን ተቆጡ። “አንተ ልጅ፣ ዛሬ በአንድ ቀዳዳ ጎማ የጣልህ ነገ በራስ ምታት ሚስት ትጥላለህ! እኛ ምን ብለን ነው የሰው ልጅ የምንጠይቅልህ?” አሉ። ቄስ ምስጋናውም ጎማና ቸርኬው ይህን ያህል ዘመን አንድ አካል ሆነው ከኖሩ በኋላ በአንድ ድንጋይ ሰበብ መለያየታቸው በሰማይም በምድርም እንደማያምር አስረዱ። ለአዲሱ ጎማ ጥብቅና ሊቆም ይገባው የነበረው ጎሚስታ ጎንበስ ብሎ መስቀል ተሳለመና መለጠፊያውን ሊያመጣ ገባ።

ፍርዱም ይህ ሆነ፦ ጎማው ይለጠፍ፤ እኔም ከእንግዲህ ነፋስ በጊዜው ልሞላለት ቃል ልግባ። ገባሁ። እጄን አንሥቼ ጎማ ፊት ቃል የገባሁ የመጀመሪያው የፊዚክስ መምህር ሳልሆን አልቀርም። እውነቱን ለመናገር በእኛ አገር ጎማ አይጣልም። ሲያረጅ ጫማ ይሆናል፣ ጫማው ሲያልቅ የበር ማጠፊያ ይሆናል፣ እሱም ሲያልቅ እሳት ይጫርበታል። ሲጣል ማንም “ኧረ ተው” የማይለው አንደኛ የወጣ ተማሪ ብቻ ነው።

ተለጥፎ ተነሣን። ሜዳውን ደህና ሄድን። ዳገቱን እኩሌታ ስንደርስ ልጣፊው ለቀቀ። ፊስ የሚል ረጅም ድምፅ ተሰማ። ወደ ኋላ ዞሬ ሦስቱን አየኋቸው። ጋሽ መኮንን በመስኮት ወደ ገብሱ እያዩ፣ አንዳንድ እርቅ ሁለተኛ ዙር ይፈልጋል አሉ።

ሁለተኛ ዙር የሚባልበት ጊዜ ግን አልነበረም። ሚኒባሶቹ ሞልተው ያልፋሉ። ፀሐይዋ ወደ አናታችን እየመጣች ነው። ደብረ ወርቅ ያለው ነጋዴ ታየኝ። ስመኝ ደጅ ደጁን እያየች ታየችኝ። ክሪኩን ይዤ ቆሜ ሳለ ነው አንዲት ነጭ የመስክ መኪና አጠገባችን ቆማ መስኮቷን ያወረደችው። ይበልጣል ነው። እናቱ ሮብ ገበያ ናቸው፤ ሊጠይቃቸው እየሄደ ነው።

“ምነው ወንድሜ?” አለኝ። ወንድሜ! ፊቴን ወደ ጎማው አዞርሁ። ስኮርታውን ሊያውሰኝ አሰበ፤ ልኩ ለእኔ መኪና አይሆንም። ባለመሆኑ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ግን የማልችለውን አመጣ፤ አባቶችን ላድርሳቸው ወይ አለ። ሽማግሌዎቹ እኔን አዩኝ። ያለ እኔ ፈቃድ እንደማይገቡ ገባኝ። አያ ቢያዝን ዝቅ ባለ ድምፅ “አንተ ሰው፣ ያችን ፀሐይ እያት” አሉኝ። አየኋት። እንዲህ የምትቸኩል ፀሐይ አይቼ አላውቅም። ስንት ዓመት አጥብቄ የያዝሁት ነገር አንድ ወገን፣ ስመኝ አንድ ወገን።

“ውሰዳቸው” አልሁት። ከተመረቅን ወዲህ ያነጋገርሁበት ቃል ይህ ብቻ ነው።

ሄዱ። እኔ ከጎማው ጋር ቀረሁ። የሚያልፈው ገበሬ ሁሉ ቆሞ “አይዞህ፣ አስለጥፈው” ይለኛል። ጨዋ ስለሆንሁ ሁሉንም አመሰገንሁ።

ከሰዓት በኋላ ነጯ መኪና ስትመለስ ከውስጧ ሳቅ ይሰማል፤ ሲወርዱም ጠላ ጠላ ይሸታሉ። ተሰጠችህ አሉኝ። እንዴት እንደሆነ አያ ቢያዝን ነገሩኝ።

ለካ ይበልጣል ከደጅ አውርዷቸው ሊሄድ ነበር። መሪጌታው ግን ሽማግሌ ያደረሰ ሰው ከደጃችን አይመለስም ብለው በእጁ ይዘው አስገቡት። ከዚያ ጠየቁ፤ የልጁን ደግነቱን ባለፈው ሰምቻለሁ፣ ዛሬ ነውሩን ንገሩኝ አሉ። ነውር የለውም ማለት ውሸት ነው፤ በመሪጌታ ቤት ደግሞ አይዋሽም። ቄስ ምስጋናው አንገታቸውን ደፍተው “ቂም አይለቅም” አሉ። በማን ላይ ነው ቂሙ? ሦስቱም ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ከጥግ የተቀመጠው ይበልጣል “በእኔ ላይ ነው አባ” አለ።

መሪጌታው ይበልጣልን አዩት፣ ሽማግሌዎቹን አዩ፣ ከዚያ ሳቁ። “ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ሲባል ሰምቻለሁ። ቂም ይዞ ባለጋራውን ሽማግሌ የላከ ግን አልሰማሁም። ይህ ሰው ይቅር ብሏል፤ ይህን ያህል ልብ ላለው ልጄን እሰጣለሁ” አሉ። ጥሎሽ እንኳ አልጠየቁም። ይበልጣልን ግን የጋብቻው ዋስ አደረጉት። ከስመኝ ጋር በተጣላሁ ቁጥር የምንዳኘው እሱ ዘንድ ነው።

ቄስ ምስጋናውን ወደ ጎን ሳብ አደረግኋቸው። ይበልጣል መኪናው ውስጥ ሆኖ ይጠብቃቸዋል።

“አባ፣ እኔ እኮ ይቅር አላልሁትም።”

“ዝም በል!” አሉ በሹክሹክታ። “የሰው ቤት ገብተን ቃል ሰጥተን ወጥተናል። መቀየም የግድ ከሆነብህ ሌላ ሰው ፈልግ።”

ጎማውን በማግስቱ ቀየርሁት። ሌላ ሰው ግን እስካሁን እየፈለግሁ ነው። ማርቆስ ውስጥ አዲስ ጎማ በየግድግዳው ተሰቅሏል፤ የጠፋው ደህና ጠላት ነው።