ጋሼ ፊርማ በስካነሩ ላይ የዘመቱበት ዜና

ሦስተኛው ዳይሬክተር በተሾሙ በማግስቱ ዓመት፥ አሳንሰሩ በምድር ቤትና በአንደኛ ፎቅ መካከል ቆሞ በቀረበት ዘመን፥ የአዳራሹም መጋረጃ ይታጠብ ተብሎ ተወስኖ ገና ሳይታጠብ፥ የመዛግብት መምሪያ ኃላፊ፥ ዐቃቤ ማኅተም፥ እግዚአ ወንበር ተሽከርካሪ፥ በአረንጓዴ እስክሪብቶ አጽዳቂ በቀይም ሻሪ የሆኑት፥ ሠራተኛው ስማቸውን ትቶ ጋሼ ፊርማ የሚላቸው ታላቁ ሰው በስካነሩ ላይ ክተት አሉ። የክተቱም ምክንያት እንዲህ ነው።

ጋሼ ፊርማ አንዲት ታላቅ እህት ነበረቻቸው፤ እናታቸው ስትሞት ገና ጡት ሳይጥሉ ታቅፋ ያሳደገቻቸው፥ ሹመታቸው ከቁብ የማይገባላት፥ ዛሬም ድረስ ማሙሽ ብላ የምትጠራቸው። የዚህችም እህት ዐይን ሞራ ጋርዶት ሊገፈፍላት ቀጠሮ ተይዞ ነበር። በዋዜማው ማለዳ በተላላኪ እጅ አንዲት ጉርድ ፎቶግራፍ በፖስታ ላከችላቸው፤ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማትበልጥ፥ ከሟች እናታቸው በዓለም ላይ የቀረች ብቸኛ ምስል። ወዲያውም ስልክ ደውላ ይህን አዋጅ አወጀች፦

«ማሙሽ፣ ስማኝ። ሐኪሙ አንደኛው ዐይንሽ አልቆለታል፣ ለሌላውም ቃል አልገባልሽም ብሎኛል። ነገ ነው የምገባው። ከመግባቴ በፊት እማዬን አንዴ አይቻት ልግባ። አፍንጫዬ ላይ ብለጥፋት እንኳ የሚታየኝ ጥቁር ነጠብጣብ ነው። ያ መሥሪያ ቤትህ ያለው ማሽን ፎቶ ያተልቃል አላልከኝም? አተልቅልኝ። ደሞ ለሰው እንዳትሰጣት፤ ከእጅህ እንዳትወጣ!»

ጋሼ ፊርማ ስልኩን ሲዘጉ ላብ ላብ አላቸው። ማሽኑን ያውቁታልና፤ የሚያውቁት ግን ሪባኑን ሲቆርጡለት ነው። ያን ዕለት በጭብጨባ መካከል ቆመው «ይህን ማሽን ያልቻለ ሠራተኛ በዚህ መምሪያ ቦታ የለውም!» ብለው አውጀው ነበር፤ አውጀውም ተመልሰው አልነኩትም። የምትነካው ጸሐፊያቸው ነበረች፤ እርሷም ወልዳ አራስ ቤት ናት። ሌላ ሰው እንዳይጠይቁ የገዛ አዋጃቸው እንደ አጥንት ጉሮሯቸው ላይ ቆመ።

ስለዚህ ቀበቷቸውን አጥብቀው፥ ክራባታቸውን አቅንተው ወጡ። መሪ ሲወጣ ደግሞ ብቻውን አይወጣም፤ ከፊት የጥበቃው አለቃ ማንም ያልዘጋውን መንገድ እየከፈተ፥ በቀኝ ምክትላቸው፥ ሰው ሁሉ ልክነዎት የሚለው፥ ነገሩን ሳይሰማ ራሱን እየነቀነቀ፥ በግራ የሰው ኃይል ኃላፊዋ መነጽሯን እንደ ሜዳልያ ደረቷ ላይ አንጠልጥላ፥ ከኋላ የንብረት ክፍሉ ሹም የማሽኑን አቧራ መከላከያ ጨርቅ እንደ ካባ ተሸክሞ አጀቧቸው። በኮሪደሩ ግራና ቀኝ ከጠዋት ጀምሮ የቆሙ ባለጉዳዮች ይህን ሠራዊት ባዩ ጊዜ ደረሰልን ብለው ወረቀታቸውን ከፍ ከፍ አደረጉ። ልክነዎትም ወደ እነርሱ ዞሮ «ሲስተም የለም! ኃላፊው አስቸኳይ ስብሰባ ላይ ናቸው!» ሲል አወጀ፤ ኃላፊው በአጠገባቸው እያለፉ ሳሉ።

ወእምዝ ጋሼ ፊርማ በጸሐፊዋ ወንበር ተቀመጡ፤ ማውሱም በእጃቸው ውስጥ እንደ ተፈታ ጥጃ ወዲያ ወዲህ ከፈነጨ በኋላ ፕሮግራሙ ተከፈተ። በላዩ የመሣሪያዎች ዝርዝር፥ በመካከሉ ባዶ ነጭ ሜዳ፥ በግርጌው «ቅድመ እይታ» እና «ቃኝ» የሚሉ ሁለት ቁልፎች ነበሩበት። እሳቸውም ፎቶግራፏን ከኪሳቸው አውጥተው የስካነሩን ክዳን አነሡ፤ ልጅ የእናቱን ፊት አይደፋምና ፊቷን ወደ ላይ አድርገው በመስተዋቱ ላይ አስተኟት፤ ክዳኑንም እንደ ብርድ ልብስ ቀስ ብለው አለበሷት። ፕሮግራሙ «መሣሪያ ይምረጡ» ባላቸው ጊዜ ዝርዝሩን ማንበብ አላሻቸውም፤ በማንኛውም ዝርዝር አለቃው የመጀመሪያው ነው ብለው የመጀመሪያውን መረጡ፤ «ቃኝ»ንም መቱ።

ያን ጊዜ በነጩ ሜዳ ላይ አንድ ግዙፍ ፊት ወጣ፤ ግንባሩ የሚያበራ፥ ቅንድቡ የተኮሳተረ፥ የአፍንጫው ቀዳዳ የዋሻ በር የሚያህል። ሠራዊቱ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ልክነዎት «እናትዎ! ቁርጥ እርስዎን!» አለ፤ የንብረት ክፍሉ ሹም «ግርማቸው! በዚያ ዘመን እንዲህ ያለች ሴት!» አለ፤ የሰው ኃይል ኃላፊዋም መነጽሯን አድርጋ አየችና እንባዋን እየጠረገች «ነፍስ ይማር» አለች። ጋሼ ፊርማ ግን እናታቸው ያደረገችውን ክራባት ለይተው አወቁት፤ ጠዋት በመስተዋት ፊት ራሳቸው ያሰሩት ነበር። ለካ የመረጡት መሣሪያ ከስክሪኑ አናት ላይ የተቀመጠው ካሜራ ኖሯል። ጉሮሯቸውን ጠርገው «ይሄ ሙከራ ነው» ሲሉ አወጁ። «ልክ ነዎት» አለ ልክነዎት።

ሁለተኛውን መሣሪያ መረጡ። ከክዳኑ ሥር ብርሃን ወጥቶ እንደ ጠባቂ ፋኖስ ከዳር እዳር ተመላለሰ፤ በስክሪኑም ላይ የታየው ነጭ ገጽ ብቻ ሆነ። እንደገና መቱ፤ ያው ነጭ። የንብረት ክፍሉ ሹም «በላት! ማሽኑ በላት!» ብሎ ሲጮህ ጀግናው ክዳኑን ብድግ ቢያደርጉ እናታቸው በሰላም ተኝታለች። ሠራዊቱም ምክር ያዘ፤ አንዱ ይጥፋና ይብራ አለ፥ አንዷ ቃለ ጉባኤ ይያዝ አለች፤ በመጨረሻም ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ ይቋቋም ተብሎ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ኮሚቴውም ወዲያው ተቋቁሞ ወዲያው ምሳ ወጣ።

ጋሼ ፊርማ ከማሽኑ ጋር ብቻቸውን ቀሩ። ሰው ሲሄድ ትከሻቸው ወረደ፤ ስልካቸውም ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ እህታቸው ናት፤ ለማንሣት ድፍረት አጡ። ክዳኑን ከፍተው አንድ ጊዜ ባዶውን አስሄዱት፥ ጎንበስ ብለውም ተመለከቱ። ብርሃኑ የሚመጣው ከታች ነው። እንግዲያስ ማሽኑ ሲያነበው የቆየው የፎቶግራፏን ጀርባ ነው። ያን ጊዜ ማንም እንደሌለ ግራ ቀኛቸውን አይተው፥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እማዬ፣ ይቅርታ» አሉና በፊቷ ደፏት።

«ቅድመ እይታ»ን ነኩ፤ በነጩ ሜዳ ጥግ ዝንብ የምታህል ጥቁር ነገር ታየች። በዙሪያዋ የነጠብጣብ መስመር ያለው ሣጥን ነበረና ማዕዘኑን በማውስ ይዘው ወደ እርሷ ሊጎትቱት ተነሡ፤ ሣጥኑ ግን ቢይዙት ሾልኮ ገጹን ሁሉ ከበበ፥ ቢያሳድዱት ተጨማድዶ ነጥብ አከለ። ለሹመኛ ያልታዘዘ ሣጥን ያዩት ያን ዕለት ብቻ ነው። ምላሳቸውን በጥርሳቸው መካከል ይዘው፥ እንደ ፊደል ቆጣሪ ጎብጠው፥ በመጨረሻ እናታቸውን ልክ በልኳ ከበቧት። ከጎኑ የምስል ጥራት የሚል የቁጥሮች መሰላል አገኙ፤ ከየትኛውም መሰላል ግርጌ መገኘት አይወዱምና እስከ ጫፉ ወጡበት። «ቃኝ»!

ማሽኑ አቃሰተ። ምስሉም እንደ ቀድሞው በአንድ ጊዜ አልመጣም፤ ከላይ ወደ ታች፥ መስመር በመስመር፥ እያዘገመ ወረደ። መጀመሪያ ፀጉሯ፥ ቀጥሎ ግንባሯ፥ ቀጥሎ በግራ ቅንድቧ ላይ ያለች፥ ከዚያ በፊት ያላዩዋት ትንሽ ጠባሳ። ቀጥሎ ዐይኖቿ። ጋሼ ፊርማ ዕድሜያቸውን ሙሉ እናታቸውን ከጥፍር አተልቀው አይተዋት አያውቁም ነበር። በዚህ ሰዓት ከስካነሩ መስተዋት አቧራ ተነሥቶ ሁለቱም ዐይኖቻቸው ውስጥ እንደ ገባ ጸሐፌ ዜና ይመሰክራል፤ አቧራውም ብዙ ስለነበረ በመሐረብ ቶሎ አልወጣም። ፕሮግራሙ ለምስሉ ስም ስጥ ባላቸው ጊዜ በአንድ ጣት ፈልገው ፈልገው «እማዬ» ብለው ጻፉ፤ አተሙትም።

ወረቀቱ ከፕሪንተሩ ሲወጣ ኮሚቴው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ተመለሰ። ልክነዎት ወረቀቱን አሻግሮ አየና «ጋሼ፣ ይቺ ሴትዮ ባለጉዳይ ናት? ነገ ተመለሺ እንበላት?» አለ። ጋሼ ፊርማ ፎቶግራፏን ከመስተዋቱ አንሥተው ወደ ኪሳቸው መለሱ፤ ወረቀቱን በደረታቸው ይዘው በእግራቸው ወጡ።

እህታቸው በመስኮት አጠገብ ተቀምጣ ጠበቀቻቸው። ወረቀቱን ተቀብላ ወደ ደህናው ዐይኗ አስጠጋች፤ ከግንባር ጀምራ ቀስ እያለች ወረደች፤ አፏ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ውይ! ለካ ትስቅ ነበር» አለች። «እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ ተቆጥታ የተነሣችው ነበር የሚመስለኝ። እያት፣ ከንፈሯን ነክሳ ነው የያዘችው፤ ፎቶ አንሺው አትሳቂ ብሏት ይሆናል። ማሙሽ፣ አንተው ነህ የሠራኸው?»

ሰው የሠራውን ሁሉ እኔ ነኝ ማለት የለመደ አንደበታቸው ያን ዕለት ተሳሰረ፤ እሷ እንደማታየውም ረስተው ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። እሷም ወረቀቱን በማግስቱ ሆስፒታል ይዛው ገባች፤ ሐኪሙ ከእጇ ለማስለቀቅ ተቸግሮ ነበር ይባላል። ዐይኗስ ለሚል፥ ግማሽ ብርሃን ተርፎላታል፤ ሰው ከነፊቱ ትለያለች።

እንግዲህ ለእኒህ ታላቅ ሰው ምን ዓይነት ምስጋና ይበቃል? ከእርሳቸው በፊት የነበሩ ኃላፊዎች ማሽን መርቀዋል፥ ስለ ማሽን ተናግረዋል፥ በማሽን ፊት ቆመው ፎቶ ተነሥተዋል፤ ቁልፍ የነካ ግን አልተሰማም። እርሳቸው ግን ያለ ኮሚቴ ዘመቱ፥ ያለ ቃለ ጉባኤ ድል ነሡ፥ ያለ ምክትል አነቡ። በየፎቁ ያላችሁ ሹማምንት ሆይ፥ ይህን ሰምታችሁ ወንበራችሁን አጥብቃችሁ ያዙ፤ እነሆ፥ አንድ ኃላፊ በገዛ እጁ ሥራ ሠርቷልና።